ስለ ኦል ኢን ዋን ኮምፒዩተርና ስለ መሰኪያዎቹ ቊጥር

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ቤት ዕቃ አመራረጥ በምንጽፍበት ጊዜ አሳባችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ጸጸት ገንዘቡ ሳይወጣ ይቀር ዘንድ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ኦል ኢን ዋን የሚባለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነው። ይህ መሣሪያ ስክሪኑና ዋናው አካሉ በአንድነት የተሠሩ፥ ከጠረጴዛ በታች የሚቀመጥ ሣጥን የሌለው፥ ገመዱም ጥቂት የሆነ ዕቃ ነው። በእንግዳ መቀበያ ክፍልም ሆነ በሹም ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ሣጥኑ ሲቀር ከሣጥኑ ጋራ አብሮ የሚጐድል ነገር አለ፤ እርሱም በሣጥኑ ፊትና ጀርባ ተደርድረው የነበሩት፥ በተለምዶ ፖርት የምንላቸው መሰኪያዎች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ቀጭን አካል ላይ የተረፉት መሰኪያዎች ማተሚያውን፥ ማውሱን፥ ፍላሹን፥ የስልኩን ገመድ፥ የቀረውንም ተጓዳኝ ዕቃ ሁሉ ለማስተናገድ ይበቃሉን?

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ክብደቱ የሚታወቀው ግን ከትልቁ ከተማ እየራቁ ሲሄዱ ነው። ለምሳሌ ያህል ሽንዲን እንመልከት። ሽንዲ በምዕራብ ጎጃም የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳውም ቀድሞ ቡሬ ወንበርማ ይባል ከነበረው ተከፍሎ የቆመ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል፤ ሽንዲ ግን ከዚህ ጎዳና ገባ ብላ የምትገኝ ናት። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው አንዲት ማገናኛ ብትጐድለው ከሥራ መልስ ገዝቶ ለራት ይደርሳል። የሽንዲው ሰው ግን ወደ ቡሬ መሄድ፥ በዚያ ባያገኝ ፍኖተ ሰላም ላለ ወዳጁ መደወል፥ እዚያም ቢታጣ ከባሕር ዳር ለሚመጣ መንገደኛ አደራ ማለት ሊኖርበት ነው። በጥቂት ብር የምትሸጥ አንዲት ዕቃ እስክትደርስ ድረስ ብዙ ብር የወጣበት ማተሚያ ሳምንት ሙሉ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በሽንዲና ሽንዲን በመሳሰሉት ከተሞች ለሚኖር ቤተ ሰብ የመሰኪያው ነገር ከመግዛት በፊት እንጂ ከገዙ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም።

አሁን አንድ ቤተ ሰብ በአሳባችን እንሣል። አባወራው በወረዳው መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፥ ባለቤታቸው የበቆሎና የበርበሬ ንግድ ሒሳብ የሚይዙ፥ ከልጆቹም አንደኛው ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ይሁን። ይህ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱ ስለ ታወቀ፥ ልጁ በስልክ ብቻ ሳይሆን በኪቦርድና በማውስ መልመድ ይገባዋል ተብሎ ኮምፒዩተር እንዲገዛ ታሰበ እንበል። በዚህ ቤት ከኮምፒዩተሩ ጋራ የሚገናኘው ዕቃ ምን ያህል ነው? ኪቦርድ አንድ፥ ማውስ ሁለት፥ ማተሚያ ሦስት፥ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ዩፒኤስ በገመድ ወሬ የሚያቀብል ዓይነት ከሆነ አራት፥ ፍላሽ አምስት፥ የስልክ ገመድ ስድስት፥ የንግዱ ሒሳብና የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ የሚቀመጥበት የውጭ ሀርድ ዲስክ ሰባት። ሰባት የዩኤስቢ መሰኪያ ያስፈልጋል ማለት ነው።

እንደ ኤችፒ፥ ዴልና ሌኖቮ ያሉት ፋብሪካዎች የሚሠሩአቸው መካከለኛ ኦል ኢን ዋኖች ግን ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት የዩኤስቢ መሰኪያ ነው ያላቸው። ለሰባት እንግዳ አምስት ወንበር እንደ ማዘጋጀት ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው «አይበቃም» ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ እኛ ግን ፍርዱ የችኮላ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ቈጠራው ቤተኛውንና እንግዳውን አልለየም።

ቤተኛ የምንለው ሌሊትና ቀን ከኮምፒዩተሩ የማይለየውን ዕቃ ነው። ከተቈጠሩት ከሰባቱ ቤተኞች የሆኑት ኪቦርዱ፥ ማውሱ፥ ማተሚያውና ዩፒኤሱ ብቻ ናቸው። ፍላሹ፥ ስልኩና ሀርድ ዲስኩ ግን ጉዳያቸውን ፈጽመው የሚሄዱ እንግዶች ናቸው፤ ሦስቱም ባንድ ቀትር የሚመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ኪቦርዱና ማውሱ ገመድ አልባ ሆነው በአንዲት ትንሽ መቀበያ የሚሠሩ ከሆነ ለሁለቱ አንድ መሰኪያ ይበቃል፤ በብሉቱዝ የሚሠሩ ከሆነም ምንም አይወስዱም። ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ባለ ሣጥኑ ኮምፒዩተር ስምንት መሰኪያ ቢኖረው እንኳ ካሜራው፥ ድምፅ መቀበያው፥ አንዳንድ ጊዜም የዋይፋይ መቀበያው ከውጭ የሚሰኩ ስለ ሆኑ ከስምንቱ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይወስዱበታል፤ በኦል ኢን ዋኑ ግን እነዚህ ሁሉ በአካሉ ውስጥ ተሠርተው ይመጣሉ። ሒሳቡ እንዲህ ሲታሰብ፥ አምስት መሰኪያ ያለው ኦል ኢን ዋን ለአንድ ቤተ ሰብ ይበቃል። አራት ያለው በጥንቃቄ ይበቃል። ከአራት ያነሰውን ግን ለሽንዲ ቤት አንመክርም።

ከአራት ያነሰ መሰኪያ ያለው ኮምፒዩተር ማን ይሠራል? የሚል ቢኖር፥ የዚህን ዓይነት ኮምፒዩተር ከሁሉ ይልቅ ያስታወቀው ኩባንያ ራሱ ነው። አፕል አይማክ የተባለውን ኮምፒዩተር በ1990 ዓ.ም. በነሐሴ ወር (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998) ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፥ እስከዚያ ድረስ የታወቁትን አሮጌዎቹን መሰኪያዎች ሁሉ አስቀርቶ፥ ከስልክና ከኔትዎርክ መስመር ከድምፅም መሰኪያ በስተቀር ሁለት የዩኤስቢ መሰኪያዎች ብቻ ተወለት። የፍሎፒ ዲስክ ማስገቢያም አልነበረውም። የቀድሞ ማተሚያና ስካነር የነበራቸው ሰዎች ዕቃቸው የሚገባበት ስፍራ አጥተው ተቸገሩ፤ ማገናኛ ሻጮችም ተጠቀሙ። ዩኤስቢ የመጀመሪያው ደንቡ የወጣው በ1988 ዓ.ም. (በ1996 በአውሮፓ) ስለ ሆነ ገና አዲስ ነበረ፤ አይማክ ከወጣ በኋላ ግን ዕቃ ሠሪዎች ሁሉ ወደ እርሱ ተመለሱ። በዚያ ኮምፒዩተር አንድ ጥሩ ብልኀት ነበረ። ኪቦርዱ በግራና በቀኙ የራሱ መሰኪያ ስለ ነበረው፥ ማውሱ የሚሰካው በኪቦርዱ ላይ ነበረ፤ ስለዚህም ሁለቱ ዕቃዎች ከኮምፒዩተሩ የሚይዙት አንዱን መሰኪያ ብቻ ነበረ።

ይኸው ኩባንያ በ2013 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ያወጣው አዲሱ አይማክ ደግሞ ውፍረቱ 11.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከመቅጠኑ የተነሣ የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ በጀርባው ሊሆን አልቻለም፤ የማዳመጫው ጫፍ ርዝመት ከኮምፒዩተሩ ውፍረት ይበልጣልና በጐን በኩል ተደረገ። የኔትዎርኩ ገመድ መሰኪያም ከአካሉ ወጥቶ መሬት ላይ በሚቀመጠው የኃይል መስጫ ላይ ሆነ። ርካሹን የገዛ ሰው ያገኘው ሁለት መሰኪያ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዩኤስቢ ሲ የሚባለው የጠበበው ዓይነት ስለ ሆነ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ተራ ፍላሽ አይገባበትም። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በወጣውም ሞዴል ርካሹ እንዲሁ ባለ ሁለት ነው፤ ላቅ ያለ ዋጋ የከፈለ ግን አራት ያገኛል። ለዚህ ዕቃ ውበትና ፍጥነት ያለንን አድናቆት አንነፍገውም። ሆኖም ውበቱን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ሣሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳይሆን ያስፈራናል።

ፋብሪካዎቹ መሰኪያ የሚቀንሱበት ምክንያት አላቸው። ዛሬ ፎቶግራፉም ደብዳቤውም በኢንተርኔት ስለሚሄድና ስለሚቀመጥ ገመድ አያስፈልግም ይላሉ። ይህ አሳብ ኢንተርኔት እንደ ውሃ በሚፈስበት አገር እውነት ሊሆን ይችላል። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚረሳ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት፥ የተማሪ ማጥኛ ጽሑፍ፥ የሠርግ ፎቶግራፍ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በፍላሽና በሀርድ ዲስክ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቀረው መንገድ መሰኪያው ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ጋዜጦች ስለነዚህ ኮምፒዩተሮች ሲጽፉ «መሰኪያው ቢያንስ አይጐዳም» የሚሉትን ምክር እንዳለ መቀበል አይገባም።

ይህን ስንል ገመድ አልባውን መንገድ ሁሉ እንናቅ ማለታችን አይደለም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር፥ በቤት ውስጥ የተተከለ የዋይፋይ ራውተር ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ በቤቱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርስ ማገናኘቱን አያቋርጥም። ማተሚያው ዋይፋይ ያለው ከሆነ በራውተሩ በኩል ከኮምፒዩተሩም ከስልኮቹም ትእዛዝ እየተቀበለ ያትማል፤ አንድ መሰኪያም ይተርፋል። ማተሚያ ሲገዛ ይህ ችሎታ እንዳለው መጠየቅ፥ ለኮምፒዩተሩ አንድ መሰኪያ እንደ መጨመር ይቈጠራል።

አሁን ደግሞ መሰኪያ የጐደለው ሰው ሁሉ ወደሚሮጥበት መድኃኒት እንምጣ፤ እርሱም ሀብ የሚባለው ማከፋፈያ ነው። አንዱን መሰኪያ አራት ወይም ሰባት ያደርጋል። በዩኤስቢ ደንብ መሠረት በአንድ መቈጣጠሪያ ሥር እስከ 127 ዕቃ ሊገናኝ ይችላል፤ ስለዚህ በቊጥር በኩል ችግር የለም። ችግሩ ያለው በኃይልና በፍጥነት ነው። ይህንንም የመስኖ ውሃ በሚከፋፈሉ በወንበርማና በቡሬ ገበሬዎች ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል፤ ከአንድ ወንዝ አራት ቦይ ቢቀደድ ቦዩ በዛ እንጂ ውሃው አልበዛም። የቆየው የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው ኃይል በ5 ቮልት 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ነው። ኪቦርድ፥ ማውስና ፍላሽ ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ስለሚጠጡ አራት ሆነው ቢካፈሉትም አይጣሉም። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ ግን ሲነሣ ብቻውን ያለውን ሁሉ ሊፈልግ ይችላል። በተራ ሀብ ላይ ሀርድ ዲስክና የዲቪዲ ማጫወቻ ባንድነት የሰካ ሰው፥ ዲስኩ እየጮኸ ሲነሣና ሲወድቅ ያያል፤ ዲስኩ ተበላሸ ብሎም ያዝናል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ውሃው አልደረሰውም እንጂ። ስለዚህ ሀብ ሲገዛ የራሱ የኃይል ገመድ ያለውን፥ ከግድግዳው መብራት የሚወስደውን ዓይነት መምረጥ ይገባል።

በዚህ ስፍራ ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቃለን፤ መብራት በሚመላለስበት ከተማ ብዙ ጉዳት የሚያመጣ ነውና። ኮምፒዩተሩ በዩፒኤስ ላይ ሆኖ ሀቡ ግን በግድግዳው ሶኬት ላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሲቆይ ሀቡ ይሞታል። ያን ጊዜ በሀቡ ላይ የነበረው ሀርድ ዲስክ እየጻፈ ሳለ ይቋረጣል፤ የዓመቱ የእህል ንግድ ሒሳብ በመካከሉ ከነበረ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ ተገዝቶ ሳለ ጉዳቱ በሀቡ በኩል ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ የሀቡ ኃይል ከዚያው ከዩፒኤሱ መወሰድ አለበት፤ የሚጠጣው ጥቂት ስለ ሆነ አይከብደውም። በአንጻሩ ሌዘር ማተሚያ በዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ ቀለሙን ለማጣበቅ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትልቅ ስለ ሆነ ትንሹን ዩፒኤስ ያደክመዋል። ማተሚያው ቢጠፋ ወረቀት ብቻ ነው የሚቀረው።

የፍጥነቱን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። የዩኤስቢ 2.0 ልክ በሴኮንድ 480 ሜጋ ቢት፥ የ3.0 ደግሞ 5 ጊጋ ቢት ስለ ሆነ ኪቦርዱ፥ ማውሱና ማተሚያው በዘገምተኛው፥ ሀርድ ዲስኩ በፈጣኑ ይሰካ። ፈጣኑ መሰኪያ ብዙ ጊዜ በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ሁሉም ፋብሪካ ግን ይህን ልማድ አይጠብቅም። የገመድ አልባ ማውስ መቀበያ በፈጣኑ መሰኪያ አጠገብ አይሁን። ፈጣኑ መሰኪያ ሲሠራ ከራሱ የሚወጣው ጩኸት መቀበያው በሚሰማበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ስለሚያርፍ ማውሱ ይደናቀፋል፤ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ይህን በ2004 ዓ.ም. (በ2012 በአውሮፓ) በጽሑፍ ገልጾታል። ባትሪ እየቀያየሩ ማውሱን የሚወቅሱ ሰዎች መቀበያውን ወደ ሌላ መሰኪያ ቢያዛውሩት ይሻላል።

ከቊጥር ቀጥሎ የሚታየው ስፍራው ነው። በብዙዎቹ ኦል ኢን ዋኖች መሰኪያዎቹ ከጀርባ፥ አንዳንዴም ከመቆሚያው እግር ኋላ ናቸው። በፎቶግራፍ ሲታይ ይህ ያምራል፤ ምክንያቱም ገመድ አይታይም። ለሚጠቀምበት ሰው ግን በተለይ መነጽር ላደረጉ አባት ፍላሽ ለመሰካት ከወንበር ተነሥቶ፥ ኮምፒዩተሩን በሁለት እጅ አዙሮ፥ በዳበሳ መፈለግ ነው። ስክሪኑን በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያዞሩ ከጠረጴዛ የወደቀ እንደ ሆነ፥ ስክሪኑም ኮምፒዩተሩም ባንድ ጊዜ ጠፉ። በጐን ወይም ከሥር በፊት በኩል ቢያንስ አንድ መሰኪያ ያለው ቢገኝ ይመረጣል። ባይገኝ አንድ ሜትር የሚሆን የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገመድ ከጀርባ ሰክቶ ጫፉን በጠረጴዛው ፊት መተው ነው።

ይህ ማስረዘሚያ ሌላ ትልቅ ጥቅምም አለው። ፍላሽ በቀን ዐሥር ጊዜ የሚገባበትና የሚወጣበት መሰኪያ ማርጀቱ አይቀርም። በባለ ሣጥኑ ኮምፒዩተር አንዱ መሰኪያ ቢሰበር፥ ሣጥኑ ተከፍቶ አራት መሰኪያ ያለው ካርድ በባዶው ቦታ ይጨመርለታል። በኦል ኢን ዋን ግን መሰኪያው ከዋናው ቦርድ ጋራ የተበየደ ስለ ሆነ፥ ካርድ የሚጨመርበትም ቦታ ስለሌለው፥ ጥገናው ስክሪኑን ከመክፈት ይጀምራል። የማስረዘሚያው ጫፍ ቢሰበር ግን ገመዱ ይጣልና ሌላ ይገዛል። ርካሹ ዕቃ ለውዱ ዕቃ ይሙትለት ማለት ነው። በበጋ የመንገዱ አቧራ በሚነሣበት ጊዜም እመቤቲቱ ኮምፒዩተሩን ሲያለብሱ ስክሪኑን ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም የሚሸፍን ጨርቅ ቢያሰፉለት መልካም ነው፤ አቧራ የሚገባው በማይታየው በኩል ነውና። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ሳለ አይሸፈን፤ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያው በጀርባ ነው።

ስለ ሥዕል መሰኪያም ጥቂት እንበል። ከኦል ኢን ዋኖቹ ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ የሚባል መሰኪያ አላቸው፤ ነገር ግን መሰኪያው የሚያወጣ ነው ወይስ የሚያስገባ? የሚያወጣ ከሆነ የኮምፒዩተሩን ሥዕል ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ፕሮጀክተር ይልካል። የሚያስገባ ከሆነ ከሌላ ዕቃ የመጣውን ሥዕል በስክሪኑ ያሳያል። ሁለቱም ያላቸው አሉ፤ ቅርጻቸው ግን አንድ ስለ ሆነ አጠገቡ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። የሚያስገባው ያለው ኦል ኢን ዋን አንድ ልዩ በጎነት አለው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፒዩተሩ ቢያረጅ ስክሪኑ ከሌላ መሣሪያ ጋራ ተገናኝቶ ማገልገል ይችላል። በስብሰባ አዳራሾች ያሉት የቆዩ ፕሮጀክተሮች ደግሞ የሚቀበሉት ቪጂኤ የሚባለውን ባለ 15 ቀዳዳ መሰኪያ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፥ ሥዕሉን የሚለውጥ ማገናኛ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ተራ ገመድ አይበቃም፤ አንደኛው በዲጂታል ሁለተኛው በአናሎግ የሚናገሩ ስለ ሆኑ በመካከላቸው አስተርጓሚ ያሻቸዋል። የሠርጋቸውን ፊልም በዲቪዲ ያስቀመጡ ወላጆችም ከአዲሶቹ ኦል ኢን ዋኖች ብዙዎቹ የዲስክ ማጫወቻ እንደሌላቸው ይወቁ፤ የውጭ ማጫወቻ የሚገዛ ከሆነም እርሱ ሌላ እንግዳ ሆኖ ይቈጠራል።

እስካሁን የተናገርነው ለመኖሪያ ቤት ነው። ኮምፒዩተሩ እንጀራ የሚገኝበት በሆነ ጊዜ ግን ፍርዳችን ይለወጣል። በወረዳ መሥሪያ ቤቶችና በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉትን፥ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡትን፥ የሚያትሙትን ትንንሽ የጽሕፈት ቤቶች እናስብ። በእንዲህ ያለው ቤት ጥቁርና ነጭ ማተሚያ፥ የቀለም ማተሚያ፥ ስካነርና ዩፒኤስ ሁሉም ቤተኞች ናቸው፤ የደንበኞች ፍላሽ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ይመላለሳል። ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቅ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ሥራ ያዘገያል። መሰኪያ ሲያረጅ ወይም ስክሪን ሲሰነጠቅ ኮምፒዩተሩ ከነሙሉ አካሉ ወደ ጠጋኝ ሲሄድ ቤቱ ይዘጋል። ባለ ሣጥኑ ግን ስክሪኑ ቢሰበር ከጐረቤት ስክሪን ተበድሮ በዚያው ቀን ይሠራል። ስለዚህ ለእንጀራ የሚሆነው ባለ ሣጥኑ ነው፤ ውበቱ ለሳሎን ይቆይ።

ነጋዴዎችም በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቊጥር 139 መሠረት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ መጠቀም ግዴታ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ከኮምፒዩተር ጋራ ከሚገናኙት ከነዚህ መሣሪያዎች መካከል ሲሪያል የሚባለውን ባለ ዘጠኝ ጥርስ የቆየ መሰኪያ የሚፈልጉ አሉ። ይህ መሰኪያ በኦል ኢን ዋን ላይ፥ ለሱቅ ተብለው ከሚሠሩት በስተቀር፥ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ወደ ዩኤስቢ የሚለውጠው ማገናኛ በገበያ አለ፤ ነገር ግን እርሱን የሚያሠራ ፕሮግራም መጫን ስለሚያስፈልገው ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ይሞከር።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ደግሞ በጅምላ ሲገዙ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ አንድ ሰው በምርጫው ቢስት የሚጐዳው አንድ ቤት ነው፤ በጨረታ ሲሆን ግን ሃያ ጠረጴዛ ይጐዳል። ለፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ፥ በአዋጅ ቊጥር 1284/2015 እንደ ተደነገገው፥ የዐሥር ጣት አሻራ፥ የሁለቱ ዓይኖች ብሌንና የፊት ሥዕል ይወሰዳል፤ ለያንዳንዱም የራሱ መሣሪያ አለው። ምዝገባው ራሱ የሚሠራው ለርሱ በተዘጋጀ ዕቃ ነው፤ ሥራው ግን የወደፊቱን መንገድ ያመለክታል። አሻራ አንባቢ፥ ካሜራ፥ ስካነርና ካርድ ማተሚያ ባንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሰበሰቡበት መሥሪያ ቤት ሊመጣ ነው። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሰዎች የስክሪኑን ስፋትና የሜሞሪውን መጠን ጽፈው ስለ መሰኪያ ዝም ካሉ፥ ሻጩ ዝምታቸውን በርካሹ ይተረጕመዋል። «ዩኤስቢ አለው» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ስንት ሰፊው ዓይነት፥ ስንት ጠባቡ፥ ስንት ፈጣኑ፥ ስንት በጐን፥ የኔትዎርክ ገመድ መሰኪያ በአካሉ ላይ መኖሩም ተለይቶ ይጻፍ።

ለቤቱ የሚገዛ ሰው ሥራው ከዚህ ይቀላል። ከቤቱ ሳይወጣ ቤተኞቹን ዕቃዎች በወረቀት ይጻፍ፤ በቊጥሩ ላይ ሁለት ይጨምር፤ አንዱ ለእንግዳ፥ አንዱ ገና ላልተወለደ ዕቃ ነው። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድም ወረቀቱንና አንድ ፍላሽ በኪሱ ይያዝ። በሱቁ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ከካርቶኑ ወጥቶ ይብራ፤ ፍላሹም ከጀርባ፥ ከጐን፥ ከሥር ባሉት ሰፊ መሰኪያዎች በየተራ ይሰካ። ጠባብ መሰኪያ ያለውም እንደ ሆነ የስልኩን ገመድ ይሞክርበት። አንዱ ፍላሹን ባያነበው ሻጩ «ሌሎቹ ይበቁሃል» ሊለው ይችላል፤ እርሱ ግን ሌላ ካርቶን እንዲከፈት ይጠይቅ፤ ሽንዲ ከደረሰ በኋላ ለመመለስ የሚከፈለው የመኪና ዋጋ ብቻ የሀብ ዋጋ ሊሆን ይችላልና። የራሱ ኃይል ያለውን ሀብ፥ ማስረዘሚያ ገመዱንና የጠባቡን መሰኪያ ማገናኛ ከዚያው ቀን ሒሳብ ጋራ አብሮ ይግዛ፤ ደረሰኙንም በካርቶኑ ውስጥ ያስቀምጥ።